የመጀመሪያዋ ሰዓት

በኮሮና ሰሞን አገር ቤትም ሆነ እዚህ አሜሪካ ያለን ሐበሾች ወሬያችን አንድ ነበር፤ ኢሚዩኒቲ ማሳደግ። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ያልተፈላበት ቤት አልነበረም። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነኝ። እኛ ብዙ ጊዜ የምንታገለው ግን ልኩን ካለፈ የሰውነት በሽታ መከላከያ ጋር ነው። ጀርሙን ሊያጠፋ የተነሳው የሰውነት ኃይል ሳንባውንም ኩላሊቱንም አብሮ ይጎዳል። በፈረንጆቹ 2020 እንግሊዝ ውስጥ በተደረገ ትልቅ ጥናት፣ በቬንቲሌተር (በመተንፈሻ ማሽን) ከሚተነፍሱ የኮሮና ሕሙማን ሞትን በአንድ ሦስተኛ የቀነሰው ዴክሳሜታዞን ነው። ርካሽ መድኃኒት ነው፤ ሥራውም ያንን የተቆጣ መከላከያ ማብረድ ነው።

ይህ ጣጣ ከኮሮና ጋር አልመጣም፤ አብሮትም አልሄደም። ከሳንባ ምች፣ ከሽንት ኢንፌክሽን፣ ከወሊድ በኋላ ከሚመጣ ትኩሳት ይነሳል። ሐኪሞች ሴፕሲስ ይሉታል። በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2017 ብቻ በዓለም 11 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደገደለ ተገምቷል።

እዚህ በዚህ የተጠረጠረ ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲገባ ሩጫው ከሰዓት ጋር ነው። ደም ለምርመራ ይቀዳል፤ የደም ግፊቱ ከወረደ አንቲባዮቲኩ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ይህም ዝም ብሎ አልመጣም። በ2012 ኒው ዮርክ ውስጥ ሮሪ ስታውንተን የሚባል የ12 ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት ስፖርት ሲሠራ ክንዱ ተጫረ። ታሞ ድንገተኛ ክፍል ቢሄድም ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ በቀናት ውስጥ ሞተ። ወላጆቹ ዝም አላሉም። በቀጣዩ ዓመት የኒው ዮርክ ግዛት ሆስፒታሎች ሁሉ የሴፕሲስ መመሪያ እንዲኖራቸው አስገደደ። ሒሳቡ በኋላ ይመጣል፣ ከባድም ነው፤ ግን መድኃኒቱን አይቀድምም።

አገር ቤት ግን ሒሳቡ ይቀድማል። ሐኪሞቻችን አያውቁም እያልኩ አይደለም፤ አብረውኝ የሚሠሩ ጎበዞች እዚያው የተማሩ ናቸው። የአክስቴ ልጅ እናቱን ሆስፒታል ያስገባ ዕለት ከመድኃኒት ቤት ደጃፍ ደወለልኝ። «እዚህም የለም አሉኝ፤ ወዴት ልሂድ?» ተረኛው ሐኪም ገና እንዳያት ነበር ማዘዣውን የጻፈው። ያቺ ውድ ሰዓት ያለቀችው በታክሲና በወረፋ ነው። አክስቴ ተርፋለች፣ ፈጣሪ ይመስገን። ንዴቱ ግን እስካሁን አለቀቀኝም።

ሆኖም እዚህ ያየሁት ሁሉ እንዳለ ይወሰድ አልልም። በ2011 የወጣ ጥናት በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛንያ ከ3 ሺህ በላይ በጠና የታመሙ ሕፃናትን ተከታትሎ ነበር። እንደ ምዕራቡ ደንብ በደም ሥር ፈሳሽ በብዛትና በፍጥነት የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው ይበልጥ ሞቱ። በ2017 የወጣው የዛምቢያዋ ሉሳካ ጥናትም፣ አብዛኞቹ ኤችአይቪ ያለባቸው አዋቂዎች ላይ፣ ያንኑ አሳየ፦ ፈሳሽ ቶሎና በብዛት በሚሰጠው አዲስ ደንብ ከታከሙት ከ100ው 48ቱ፣ በተለመደው ከታከሙት 33ቱ ሞቱ። «ግሉኮስ አድርጉለት» ብለን ሐኪሙን ስንጨቀጭቅ ይህን ብናስብ ደስ ይለኛል።

አገር ቤት ያለ፣ እዚህ የሌለ ሀብትም አለ፤ አስታማሚው። እዚህ በሽተኛውን የሚጠብቀው ማሽን ነው፤ ልጆቹ ከሥራ በኋላ ብቅ ብለው ይሄዳሉ። እዚያ እህት ወይ ወንድም ሌት ተቀን ከአልጋው አይነቃነቅም። ያ ሰው ይሠልጥን። የበሽተኛውን ጣት ጫፍ 10 ሴኮንድ ያህል ጫን አድርጎ ይልቀቅ። የነጣው ቦታ ደም ለመመለስ ከ3 ሴኮንድ በላይ ከፈጀበት ሐኪም ይጥራ። መቃዠት ከጀመረ፣ ሽንቱ ካነሰ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ አሁንም ይጥራ። የጣቱ ምርመራ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በደቡብ አሜሪካ አገሮች ተደርጎ በ2019 የወጣ ጥናት፣ ላክቴት የሚባለውን በደም ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ከሚለካው ውድ ምርመራ ጋር አወዳድሮት አላነሰም።

እኛ ውጭ ያለነው ገንዘብ ስናሰባስብ ቀልባችን ቬንቲሌተር መላክ ላይ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የማዋጣው በየድንገተኛ ክፍሉ ለሚቀመጥ አንድ ሣጥን ነው። የመጀመሪያው የአንቲባዮቲክ መጠን፣ መርፌውና ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ) በውስጡ ይኑር። ተረኛው ከዚያ አውጥቶ ወዲያው ይስጥ፤ ቤተሰቡ በኋላ ሲገዛ ይተካ፣ ካልቻለም እኛ እንተካለን።