የጅማ ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጅማ በተካሄደ አንድ የውይይት መድረክ ላይ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዳ ተናጋሪ፣ ጊዜ ማለት ሰዓት የሚቆጥረው ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ ስሜት ነው አሉ። ከንጋት የሚነሣው አቆጣጠራችን ከሳይንስ ጋር ስለሚጋጭ መሥሪያ ቤቶች ትተውት ከእኩለ ሌሊት ይቁጠሩ አሉ። የአካባቢው ሰው ድህነትም ለጊዜ ግድ ከማጣት የመጣ ነው ብለው ደመደሙ። አዳራሹ አጨበጨበ። አዘጋጆቹም ሐሳቡን በምክረ ሐሳብነት ለከተማው መሥሪያ ቤቶች እንደሚልኩት አስታወቁ። ያ ጭብጨባ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ከሳይንስ ጋር ይጋጫል በሚለው ልጀምር፤ ከሁሉም የሳሳው እሱ ነውና። እኩለ ሌሊትን የመረጠው የትኛው ሳይንስ ነው? የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ራሳቸው እስከ 1924 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ ቀናቸውን የሚጀምሩት ከቀትር ነበር፤ ሌሊቱን ከዋክብት ሲመለከቱ እያደሩ መዝገባቸው መሐል ላይ ቀኑ እንዳይቀየርባቸው። ዛሬም ተከታታይ የቀን ቁጥራቸው የሚነሣው ከቀትር ነው። የቀን መነሻ ስምምነት እንጂ ግኝት አይደለም። ለእነሱ ቀትር ተስማማቸው፤ ለእኛ ንጋት። የእኛም ስምምነት ያለ ምክንያት አልመጣም። ለንደን ላይ የሰኔ አጋማሽ ቀን ከታኅሣሥ አጋማሽ ቀን ከስምንት ሰዓት በላይ ይረዝማል፤ እዚያ ንጋትን መነሻ ላድርግ ያለ ሰው መጨበጫ ያጣል። ጅማ ግን ከምድር ወገብ ስምንት ዲግሪ እንኳን አትርቅም። የዓመቱ ረጅም ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ነው። እዚህ ፀሐይ ቃሏን ትጠብቃለች፤ ቃሏን የጠበቀችን ፀሐይ መነሻ ማድረግ ኋላ ቀርነት የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

ጊዜ ሰዓት የሚቆጥረው ብቻ ነው ወደሚለው ልመለስ። የትኛው ሰዓት? እጃችን ላይ ያሰርነው ሰዓት የተስተካከለው በ45ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ መስመሩ ከጅጅጋም በስተምሥራቅ ያልፋል። ጅማ 37ኛው ዲግሪ አጠገብ ስለሆነች ፀሐይ የሰማዩ እኩሌታ ላይ የምትደርሰው ሰዓታችን ስድስት ሲል ሳይሆን በአማካይ ግማሽ ሰዓት ያህል ዘግይታ ነው። ይህን ለማወቅ ፊዚክስ መማር አያስፈልግም። የጅማን የሶላት ሰሌዳ ከሐረር ጋር አስተያዩት፤ ፀሐይ ከሰማዩ እኩሌታ ዘንበል ስትል የሚሰገደው ዙህር ሐረር ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይገባል። አዛን የሚያደርገው ሰው የቆመበትን ቦታ ያውቃል፤ ሰዓቱ አያውቀውም።

ተናጋሪው አይንስታይንንም ምስክር ጠርተዋል። ምስክሩ የሚመሰክረው ግን በእሳቸው ላይ ነው። በየትም ቦታ እኩል የሚፈስ አንድ ጊዜ አለ ያለው ኒውተን ነበር፤ ያንን ያፈረሰው አይንስታይን ነው። በእሱ ትምህርት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ሰዓት ዝቅ ካለው ይፈጥናል። ከጅማ 600 ሜትር ገደማ ከፍ የምትለው የአዲስ አበባ ሰዓት በዓመት የሰከንድ ሁለት ሚሊዮንኛ ያህል ይቀድመናል። ኢምንት ነው፤ ሁሉን የሚገዛ አንድ ሰዓት የለም ለማለት ግን ይበቃል። እርግጥ አይንስታይን በ1922 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ከፈላስፋው አንሪ ቤርግሶን ጋር ሲከራከር የፈላስፎች የሚባል የተለየ ጊዜ የለም ብሏል። እዚህ ላይ እኔ ከቤርግሶን ጋር ነኝ። ሰዓት እኩል እኩል አድርጎ የሚከፋፍለውን፣ ሰው እኩል እኩል አድርጎ አይኖረውም። በሐዘን የተቀመጠ ሰው አንድ ሌሊትና በሠርግ የጨፈረ ሰው አንድ ሌሊት እኩል ናቸው የሚል ፍልስፍና ስለ ሰው ምንም አልተናገረም።

በኅዳር ወደ ማና ወይም ወደ ጎማ ወረዳ ወጣ ብላችሁ የቡና ማድረቂያ አልጋ አጠገብ ቁሙ። ቀዩ ቡና ተሰጥቷል፤ ሴቶቹ ደጋግመው ያገላብጡታል። በስንት ቀን ይደርሳል ብትሉ አንድ ቁጥር አይሰጧችሁም፤ ደመና ከዋለ ይረዝማል፣ ፀሐይ ከበረታ ያጥራል። አንዷ እፍኝ ጀንፈል፣ ከነቅርፊቱ የሚደርቀውን ቡና፣ አንስታ ጆሮዋ አጠገብ ትነቀንቃለች። ፍሬው ከቅርፊቱ ተላቅቆ ከተንኮሻኮሸ ደርሷል፤ ድምፅ ካልሰጠ ገና ነው። ቀድማ ብታነሣው ይሻግታል፣ ብታዘገየው ሲፈለፈል ይሰባበራል። ይህች ሴት ናት ለጊዜ ግድ የሌላት? ከእሷ በላይ ለጊዜ የተገዛ ሰው በዚያ አዳራሽ ውስጥ አልነበረም! የድህነቷን ምክንያት የሚፈልግ ቡናዋ በሚሸጥበት ዋጋ ውስጥ ይፈልገው፤ ዋጋው በአብዛኛው የሚከተለው የኒው ዮርክን ገበያ ነው፣ እሷ ደግሞ እዚያ ድምፅ የላትም።

የአውሮፕላን በረራና የሆስፒታል ቀጠሮ የጋራ ሰዓት ይፈልጋሉ፤ ይህን የካደ የለም። የጋራ ሰዓት ግን አለን። ሁለቱ አቆጣጠሮች የሚለያዩት በስድስት ሰዓት ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር የሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ይበቃል። ለዚህ ሲባል የአንድ ሕዝብ ቀን ከንጋቱ ተነቅሎ ሁሉም በተኛበት ሰዓት ይጀመር ማለት ድፍረት ነው።

አዘጋጆቹ ያንን ምክረ ሐሳብ ለማንም እንዳይልኩት እጠይቃለሁ። እንልካለን ብለው ከጸኑ ግን አስቀድመው ሁለተኛ መድረክ ይጥሩ፤ ቡና አድራቂዎቹን፣ ሙአዚኖቹንና የሰዓታት ካህናቱን ከፊት ወንበር አስቀምጠው፣ ለጊዜ ግድ የላችሁም የሚለውን ፊት ለፊት ይንገሯቸው።