የቄሱ ወረቀት

ባለፈው ዓመት የእህቴን ልጅ ልንድር ሽር ጉድ ስንል፣ አዳራሹም ጠጁም ተይዞ፣ ጎደሎው ከቄሱ በኩል ሆነ። ቄሱማ ነበሩ፤ ከአገር ቤት ከመጡ ገና መንፈቃቸው ነው። ያልነበራቸው የቨርጂኒያ ወረቀት ነው።

እዚህ የሃይማኖት አባት ከማጋባቱ በፊት ሰርኪዩት ኮርት የሚሉት ፍርድ ቤት ሄዶ መሾሙንና አሁንም በአገልግሎት ላይ መሆኑን ማሳየት አለበት። ሾፌር ሆኜ ወሰድኳቸው። ነጭ ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ መስኮቱ ጋ ቆሙ። ልጅቷ የክህነት ማስረጃቸውን ተቀበለች፤ የጳጳሱን ማኅተም አየች፣ ገለበጠችው፣ መልሳ አየችው። አማርኛ ነው። አስተርጉማችሁ ኑ ተባልን። የሙሽሮቹ የጋብቻ ላይሰንስ ደግሞ ወጥቷል፤ ዕድሜው 60 ቀን ነው።

«ልጄ፣ ሃያ ዓመት ሳጋባ ወረቀት አሳየኝ ያለኝ የለም» አሉኝ መኪና ውስጥ።

እውነታቸውን ነው። የኢትዮጵያ የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትም በባህልም የሚፈጸመውን ጋብቻ ይቀበላል፤ የሃይማኖቱን ሥርዓት ለሃይማኖቱ ትቶታል። ወረቀት የሚያሯሩጠው ሙሽሮቹን ነው፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህማ፣ በተለይ ቪዛ ያሰበ ሰው ወረዳ ደጅ ሳይጠና አይቀርም። የእናቴ ሰማንያ ግን ዛሬም ከሳጥኗ ግርጌ ነው፤ ማንም አይቶት አያውቅም።

የሚገርመው፣ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ሜሪላንድ ሲገባ አጋቢውን ቀድመህ ተመዝገብ የሚል የለም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በምሳ ሰዓት ስልኩ ላይ ስሙን ሞልቶ፣ ሳንድዊቹን ሳይጨርስ «ሚኒስተር»፣ ማለትም የሃይማኖት አገልጋይ፣ ሆነ፤ በነጻ። እዚያው ሜሪላንድ ጓደኛውን አጋባ። ይህን ለቄሴ ባወራቸው ሳቁና፣

«ዲቁናውንስ መቼ ተቀበለ?» አሉኝ።

ታዲያ እኛም ወንዙን እንሻገር እንዳንል፣ የቨርጂኒያ ላይሰንስ ከቨርጂኒያ ወጥቶ አይሠራም። አስተረጎምን፣ ተመለስን፣ ፈቃዱ ተጻፈላቸው። ተክሊሉም በሰላም ደረሰ።

ቀሪው ነገር ላይሰንሱን ፈርሞ በ5 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤቱ ክለርክ መመለስ ነው፤ ይህ የአጋቢው ግዴታ ነው። በአራተኛው ቀን ደወልኩ።

«ቄሴ፣ ያቺ ወረቀት ተላከች?»

«አትጨነቅ፤ ውዳሴ ማርያሜ ውስጥ ናት።»

የመኪናዬን ቁልፍ አነሳሁ።