በሰው ገመና የሚበላ እንጀራ

የሐዋሳ ሰዎች ሆይ፣ ዛሬ የማነሣባችሁ ነገር ገመና ነው። ይህን ቃል ከወጣቶቻችን አፍ ከሰማሁት ቆየሁ፤ ነገሩ ከቤታችን ሲወጣ ቃሉም ተከትሎት ሄዷል መሰለኝ።

ዘንድሮ ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ተማሪ ደጄ መጥታ ቆመች። እናቷ አሞራ ገደል አካባቢ ዓሣ እየጠበሰች የምትሸጥ ጎረቤቴ ናት። ግቢ ብላት እምቢ አለች። «ጋሼ፣ ዩቲዩብ ላይ የወጣ ነገር ይጠፋል?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

እናቷ ባለፈው ሚያዝያ ታማ ተኝታ ነበር። ስልክና ትንሽ ማይክሮፎን የያዘ ወጣት «ሕዝቡ ይርዳሽ» ብሎ ገባ። ፍራሹን ቀረጸ፤ የሚያፈሰውን ጣሪያ ቀረጸ፤ የድስቱን ክዳን ከፍቶ ባዶነቱን ቀረጸ። ሴትዮዋ ባሏ እንዴት ጥሏት እንደሄደ፣ ልጆቿ ምን በልተው እንዳደሩ ተናገረች። ልጅቱ የትምህርት ቤት ልብሷን እንደለበሰች ከበስተኋላ ቆማ ነበር፤ እሷን የጠየቃት የለም። አሁን የክፍሏ ልጆች በስሟ አይጠሯትም፤ በቪዲዮው ርዕስ ነው የሚጠሯት። ያንን ስም እኔም እዚህ ጽፌ አልደግምባትም።

ቪዲዮውን ተቀምጬ አየሁት። 11 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይፈጃል። ሊረዳት የፈለገ ሰው ማወቅ ያለበት ሁሉ፣ ሕመሟም፣ የሕክምናው ወጪም፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥሯም፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ተነግሮ አልቋል። የቀረውን ጊዜ የያዘው «ያን ዕለት ምን ተሰማሽ?» የሚል ጥያቄ ነው። ሦስት ጊዜ ተጠየቀች። ሁለቱን ጊዜ ዕንባዋን ጠርጋ መለሰች፤ በሦስተኛው ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ያ ልቅሶ ከመሃል ተቆርጦ በቪዲዮው መግቢያ ላይ ተቀጥሏል።

ምክንያቱን የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። ከሐምሌ 2012 ዓ.ም. ወዲህ ዩቲዩብ ከ8 ደቂቃ በላይ የሚሄድ ቪዲዮ በመሃሉ ማስታወቂያ እንዲገባበት ይፈቅዳል፤ ከዚያ በፊት ልኩ 10 ደቂቃ ነበር። በሦስት ደቂቃ ተነግሮ የሚያልቅ ችግር በመሃሉ ማስታወቂያ አይገባበትም። ስለዚህ ችግሩ መርዘም አለበት፤ የታመመችው ሴትም ስምንቱን ደቂቃ እስክታልፍ ማልቀስ አለባት። ወገኖቼ፣ ይህ የገባኝ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች ሐይቁ ዳር ተሰልፈው የሚጠብቁትን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አባ ኮዳ እንኳ የሚቀርበው ቆሮሶ ዓሣው ተገፍፎ ሥጋው ለባለቤቱ ከተለየ በኋላ ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ሥራውን አልነቀፍኩም። ከዩኒቨርሲቲያችን በየዓመቱ ተመርቃችሁ ወጥታችሁ ሥራ ስታጡ አይቻለሁ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ስንቱ ቤተሰብ ተስፋ እንዳደረገ፣ ኋላም አሜሪካ አገራችንን ከአጎዋ፣ ማለት ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሏ፣ ስታስወጣ ስንት ሴቶች ሻንጣቸውን ይዘው ወደየገጠራቸው እንደተመለሱ አስታውሳለሁ። በእጁ ስልክ ብቻ ያለው ልጅ በስልኩ እንጀራ ቢፈልግ ነውር የለበትም። እንጀራውም በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ከማስታወቂያ ገቢ ለማግኘት 1,000 ተመዝጋቢና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የእይታ ሰዓት፣ አለዚያም በአጫጭር ቪዲዮዎች በ90 ቀን 10 ሚሊዮን እይታ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ በረጅም ቪዲዮ ላይ ከሚገባው ማስታወቂያ ገቢ ከመቶ 55ቱ ለባለ ቻናሉ ይደርሳል፤ ክፍያውም 100 ዶላር እስኪሞላ አይለቀቅም። ሌሊት ሲያቀናብር የሚያድር ልጅ ድካሙን አልክድም።

ነገር ግን 4,000 ሰዓት 240,000 ደቂቃ ነው። ይህን ሁሉ ደቂቃ ማን ሞላው? እዚህ ላይ ተግሳጹ ከወጣቱ ይልቅ ወደ እኛ ወደ ትልልቆቹ ይዞራል።

የሞላነው እኛ ነን። በባጃጅ ተሳፍረን፣ ቡና እስኪፈላ፣ ልቅሶ ቤት እንኳ ጥግ ይዘን፣ የማናውቃትን ሴት ዕንባ ከፍተን አየን። «ወይኔ ስታሳዝን!» ብለን ለጎረቤት ላክን። አንድም ብር ሳንልክላት፣ ቤቷንም ሳንጠይቅ፣ ያየንበት ደቂቃ ግን ተቆጥሮ በሌላ ሰው ሒሳብ ገባ። ማዘናችን እውነት ነበር፤ እጠረጥረዋለሁ አልልም። ግን ያ ኀዘን ለእሷ ምን አደረገላት? ቪዲዮው ከመውጣቱ በፊት ችግሯን የሚያውቁት አራት ቤቶች ነበሩ፤ አራቱም ወጥ ይልኩላት ነበር። ዛሬ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ገበያ ስትወጣ ሰው በክርን እየተጓሸመ ያሳያታል። በዚያ ሰሞን ዓሣ የሚገዟት ደንበኞቿ የቀነሱባት «በሽተኛ ናት» እየተባለ ነው፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ባሕር ማዶ ያላችሁ የሐዋሳ ልጆች፣ እናንተንም ይመለከታል። አሜሪካ ተቀምጦ ለሚያይ ሰው አስተዋዋቂ የሚከፍለው ሐዋሳ ላለ ሰው ከሚከፍለው እጅግ ይበልጣል። አገሩን የናፈቀ ሰው ልቡ ቶሎ እንደሚነካ ባለ ቻናሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ካሜራው የሚፈልገው የእናንተን ዓይን ነው። መርዳት ከፈለጋችሁ ዘመድ አላችሁ፣ የሰፈር ሰው አላችሁ፣ ደውላችሁ ጠይቁ። በቪዲዮው ግርጌ የሚያልፈው የሒሳብ ቁጥር በማን ስም እንደሆነ ሳታጣሩ አትላኩ።

በእነዚህ ቻናሎች የተረዳ የለም አልልም። ጎረቤቴም ገንዘብ ገብቶላታል፤ የሁለት ወር የቤት ኪራይና የመድኃኒት ዋጋ ሸፍኖላታል። በሌላ ቦታም ታክመው የዳኑ፣ ከጎዳና የተነሡ ሰዎች አሉ። አንዳንድ ባለ ቻናሎች ይህን በንጹሕ ልብ እንደሚያደርጉት አምናለሁ። የማልቀበለው እርዳታ በገመና ይገዛል የሚለውን ነው። እኔ የሰፈራችን እድር ገንዘብ ያዥ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ሰው ሲቸገር ሊቀ መንበሩ፣ ጸሐፊውና እኔ እንሰማለን፤ ገንዘቡ ማታ ይሄዳል፤ በማግሥቱ ተረጂው ከእኛ ጋር እኩል ተቀምጦ ቡና ይጠጣል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ከዩቲዩቡ ጋር አይወዳደርም። ሆኖም በእድራችን እጅ የተረዳ ሰው ልጅ በተረጂነቱ ስም ሲወጣለት አላየሁም። ይልቅስ እድሩ ለምን አነሰ? መዋጮ በየወሩ ስንጠራ የማትመጡ፣ ስብሰባ ላይ ወንበሩ ባዶ የሚቀርባችሁ፣ በቪዲዮው ሥር ግን «እግዚአብሔር ይርዳሽ» ብላችሁ የጻፋችሁትን አውቃችኋለሁ።

«ፈቅዳለች» ይሉኛል። አዎ፣ ፈቅዳለች። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ በ1952 ዓ.ም. በወጣው፣ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ያን ጊዜ ዩቲዩብ ቀርቶ ቴሌቪዥንም በአገራችን አልነበረም፤ አባቶቻችን ግን የሰው ፊት የሰውየው መሆኑን ያውቁ ነበር። እንግዲህ ፈቃድ ምን እንደሆነ እንነጋገር። ሦስት ቀን ያልበላች፣ የቤት ባለቤት «ውጪልኝ» ያላት ሴት ፊት የሒሳብ ቁጥር ይዞ ለቆመ ሰው «አትቅረጸኝ» ማለት ትችላለች? ቪዲዮው በከተማው ሁሉ እንደሚዞር ነግሯት ነበር? ስትድን ልታወርደው እንደምትችል ነግሯት ነበር? ልጅቷስ? የትምህርት ቤቷ ልብስ ከነስሙ በቪዲዮው ይታያል። የእሷን ፈቃድ ማን ሰጠ?

የልጆቻችሁን ሳቅና ቁጣ፣ መታጠቢያ ገንዳውን ሳይቀር፣ በየቀኑ የምትለጥፉ ወላጆችም ይህንኑ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ። ልጁ ነገ አድጎ ሥራ ሲጠይቅ ያ ሁሉ ተከትሎት ይመጣል።

በገብርኤል ዓመታዊ በዓል ደጃፉ ላይ ያየሁትንም ልተወው አልችልም። ለአንድ ዓይነ ስውር አባት መቶ ብር የሰጠ ወጣት ጓደኛው በደንብ ስላልቀረጸው ብሩን መልሶ ተቀብሎ እንደገና ሰጣቸው። አባታችን ሁለት ጊዜ መረቁት። በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም የተማርነው በስውር መስጠትን ነበር፤ ይህን ለማስታወስ ካህን ወይም ሼህ መሆን አያስፈልግም።

ደግሞ 4,000 ሰዓት የሞላ ቻናል ከደላላ የምትገዙ፣ ተመዝጋቢ በጅምላ የምታስመዘግቡ አላችሁ። በሐሰት የተሞላ ቁጥር የዩቲዩብን ደንብ ይጥሳል፤ ቻናሉ ሲዘጋ ደላላው ስልኩን አያነሣም፤ የእናታችሁ የቁጠባ ገንዘብ ነው የሚቀልጠው። በዚህ ላይ ብዙ አልናገርም፤ የተቃጠሉት ራሳቸው ይንገሯችሁ።

ምን እንቅረጽ ትላላችሁ? እስቲ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ውረዱ። መረብ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አሉ። ጣታቸው ሲሮጥ ዓይናቸው ውኃው ላይ ነው። የትኛው ቀዳዳ ለቆሮሶ፣ የትኛው ለአምባዛ እንደሚሆን፣ ቀዳዳው ሲጠብ ጫጩቱ አብሮ ተይዞ ሐይቁ እንዴት እንደሚራቆት ይነግሯችኋል። እሳቸውን መቅረጽ ግን አንድ ጠዋት አይበቃውም፤ ሳምንት መመላለስ፣ አብሮ ሻይ መጠጣት፣ ምን እንደሚጠየቅ ማወቅ ያስፈልጋል። የሲዳማ እናቶች እንሰት ፍቀው፣ ቀብረው፣ አብላልተው ወሳ የሚባለውን ምግብ የሚያደርሱበትን ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የቀረጸ ከእናንተ ማን ነው? የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ ተደሰትን፤ አያንቶዎቹ ከዋክብትን አይተው ቀኑን እንዴት እንደሚለዩት ግን የሚያስረዳ ቪዲዮ ስፈልግ ያገኘሁት በዓሉ የሚከበርበትን የጉዱማሌን ሜዳ ጭፈራና ከጀርባው የተጫነ ዘፈን ነው። የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ በአማርኛና በሲዳምኛ የሚያስተምር ልጅ ቢነሣ ደጄ የቆመችው ልጅ የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢው ትሆን ነበር። ይህ ዝግ ያለ መንገድ ነው። አንድ ዓመት፣ ምናልባትም ሁለት ዓመት ያለ ገቢ ያስኬዳል። አውቃለሁ። ዓሣ አጥማጁም መረቡን ጥሎ ባዶውን የሚመለስበት ቀን አለው፤ የጎረቤቱን ማጀት ግን ገብቶ አይዘርፍም።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። «ይጠፋል» አልኳት። ዩቲዩብ የግል ሕይወቱ የተጋለጠበትን ሰው አቤቱታ የሚቀበልበት መንገድ አለው፤ አቤቱታው ሲቀርብ ለባለ ቻናሉ እንዲያወርደው 48 ሰዓት ሊሰጠው ይችላል። አብረን እንሙላው አልኳት። አሰበችና «መጀመሪያ ቢነገረው አይሻልም? ወንድሙ እኛ ክፍል ነው» አለችኝ። የተበደለችው እሷ ሆና፣ የበደላት ልጅ ወንድም በክፍል ውስጥ እንዳያፍር የምታስበው እሷ ናት።

በሲዳማ ሽማግሌዎች ሸንጎ፣ በሶንጎ፣ ነገር ሲከፈት «አፊኒ?» ይባላል፤ ሰምታችኋል ወይ እንደማለት ነው። የአንዱ ነገር ሳይሰማ በሌላው ላይ አይፈረድም። ስለዚህ አንተ ቪዲዮውን የለጠፍክ ልጅ፣ ስምህን አልጠራሁም፣ የቻናልህንም ስም አልጻፍኩም። ቤትህ ከእኛ ሦስት መንደር አልፎ ነው። የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት እናቷ፣ ሁለት የእድር ሽማግሌዎችና እኔ እንመጣለን። ካሜራ የሚይዝ ሰው አብሮን አይኖርም። አንተም የምትለው ካለህ ቁጭ ብለን እንሰማሃለን፤ ልጅቷ ግን ሰኞ ጠዋት ክፍል ትገባለች፤ ከቻልክ ቅዳሜን አትጠብቅ፣ ዛሬ ማታ አውርደው።