ለቤታችን በገዛ እጃችን እንሥራ ወይስ ለባለሙያው እንተው?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ «ለቤት የሚሆን ቀላል ዕቃና ጌጥ በጥቂት ወጪ በገዛ እጅ መሥራት ይበጃል» የሚል ነው። ደጋፊዋ ባልትናና የእጅ ሥራ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ተቃዋሚው አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት ያለው አናጢ ነው። ክርክሩን ያካሄዱት በጽሑፍ እየተመላለሱ ነው።

መምህርቷ፦

ልጄ፣ ዕድሜዬ ይፈቅድልኛልና «አንተ» እያልኩ ልጻፍልህ።

ከደጃፌ ልጀምር። እዚያ የተነጠፈው የእግር መጥረጊያ ከፌስታል የተሠራ ነው። ከሱቅና ከአትክልት ተራ ዕቃ ይዞ ይመጣ የነበረውን ፌስታል አጥቤ አደርቃለሁ። እጀታውንና የታችኛውን ጠርዝ ቆርጬ አወጣና መሃሉን ሁለት ጣት በሚሆን ስፋት እሸነሽነዋለሁ። እያንዳንዱ ሽንሽን ቀለበት ሆኖ ይወጣል። ቀለበቶቹን እርስ በርስ እያጠላለፍኩ ስስባቸው ረጅም ክር ይሆናሉ። ከዚያ ወዲያ ወፍራም ኪሮሽ ይዞ፣ ልክ ዳንቴል እንደሚሠራው ከመሃል ጀምሮ ዙሪያውን እያሰፉ መሄድ ነው። ጥቁሩን ከቢጫው ሲያፈራርቁት የሰፌድ ጥለት ይመስላል። ዝናብ አያበሰብሰውም፣ ሲቆሽሽ በውሃ ይለቀለቃል። ከምድጃ አጠገብ ብቻ አይነጠፍም፤ ፕላስቲክ ነውና ቶሎ ይያያዛል።

ሁለተኛው የዱቄት ሙጫ ነው። አንድ ስኒ ዱቄት በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ጓጉሎ እንዳይቀር በደንብ ይበጠበጣል፤ አራት ስኒ የሚሆን የፈላ ውሃ ላይ እያማሰሉ ጨምሮ ወፈር እስኪልና እስኪያንጸባርቅ መጠበቅ ብቻ ነው። እናቶቻችን የጭቃ ግድግዳቸውን ጋዜጣ ያለበሱት በዚህ ሙጫ ነው። እኔ አዲስ ዘመንን ማንበብ የጀመርኩት ከግድግዳ ላይ ነው። ተዘቅዝቆ የተለጠፈ ገጽ ሲያጋጥመኝ አንገቴን አዙሬ አነበው ነበር። ዛሬም በዚያው ሙጫ ከልጅ ልጆቼ ጋር የወረቀት ሳህን እንሠራለን። አንድ የሸክላ ሳህን ጀርባውን ዘይት እንቀባለን፣ የተቀዳደደ ጋዜጣ በሙጫ እየነከርን ስድስት ሰባት ጊዜ እንደራርብበታለን፣ ፀሐይ ላይ እናሰጣለን። ደርቆ ሲላቀቅ ለቁልፍ፣ ለክርና ለመርፌ ማስቀመጫ ይሆናል።

ሦስተኛውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ተቆርጦ፣ ታቹ በጋለ ምስማር አራት አምስት ቦታ ተበስቶ፣ ከሥሩ ጠጠር፣ ከላዩ አፈርና ፍግ ይሞላል። ጤና አዳሜና በሶብላዬ የሚበቅሉት በዚህ ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር ልጄም በረንዳዋ ላይ ቆስጣ አብቅላበታለች።

ለእነዚህ ለሦስቱ ያወጣሁት ገንዘብ የዱቄቱ ብቻ ነው። አንተ የምትቃወመው የትኛውን ነው?

አናጢው፦

እናቴ፣ ስለ ጤና አዳሙ ጠብ የለንም። ለቤቴም አለኝ። የምቃወመው «ርካሽ» እና «ቀላል» የሚባሉትን ሁለት ቃላት ነው። እርስዎ የጠቀሷቸው ሥራዎች እውነትም ቀላል ናቸው። ሰው ግን እዚያ ላይ አይቆምም። ስልኩ ላይ ያየውን መደርደሪያ፣ አልጋ፣ ሶፋ ልሥራ ብሎ ይነሳል።

መጀመሪያ ወጪውን እንመልከት። መጋዝ የለውም፣ ይገዛል። የብርጭቆ ወረቀት ይገዛል። ለአንዲት መደርደሪያ ብሎ የገዛው ቫርኒሽ ጣሳው ውስጥ ሳያልቅ ይደርቃል። አንድ ሞራሌ አጉል ከቆረጠ ሌላ ሞራሌ ነው። እኔ ያንኑ መደርደሪያ ከሌላ ሥራ በተረፈ ኮምፔንሳቶ ግማሽ ቀን በማይሞላ ጊዜ እጨርሰዋለሁ። ሁለት ቅዳሜና እሑድ ደክሞበት ሲያበቃ ወደ እኔ አምጥቶ «አስተካክልልኝ» ያለኝ ሰው አንድ ሁለት አይደለም። የተበላሸ ማስተካከል ደግሞ ከአዲስ ሥራ ይከብዳል።

ከወጪው የሚብሰው አደጋው ነው። ሁለት ነገር ልንገርዎት።

አንደኛው የፓሌት እንጨት ነው። ከውጭ ዕቃ ተጭኖበት የሚመጣውን ፓሌት ሰው ይገዛና ሶፋና የልጅ አልጋ ያደርገዋል። እንጨቱ ላይ ማኅተም አለ፤ ስንቱ ያየዋል? «ኤች ቲ» የሚሉ ፊደላት ካሉበት ተባዩ የተገደለው በሙቀት ነው። «ኤም ቢ» የሚል ከሆነ ግን ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ የታጠነ ነው። በዚያ ላይ መንገድ ላይ ምን እንደፈሰሰበት ማንም አያውቅም። እኔ ማኅተሙን ሳላይ አንድም ፓሌት አልነካም። ማኅተም የሌለውን ደግሞ ለማገዶ እንኳ አልፈልገውም።

ሁለተኛው ግድግዳ ነው። በኮንዶሚኒየም ብዙው ግድግዳ ብሎኬት ነው፣ ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው። ምስማር ሲመቱበት ሲሚንቶውን አልፎ ባዶው ላይ ይቀራል። ለጊዜው የያዘ ይመስላል። አንድ ደንበኛዬ በገዛ እጁ የሰቀለው የመጽሐፍ መደርደሪያ በሦስተኛው ወር ሌሊት ወድቆ ነው የጠራኝ። ከሥሩ የሕፃን አልጋ ነበር። ልጁ ያን ዕለት ከእናቱ ጋር በመተኛቱ ነው የተረፈው። መሠርሰሪያ፣ ለብሎኬቱ የሚስማማ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዝ መሰኪያ)፣ ልኩን የጠበቀ ብሎን ያስፈልግ ነበር። ይህን ማወቅ ሙያ ነው።

መምህርቷ፦

ስለ ልጁ ተመስገን። በዚህ አልከራከርህም፤ በሰው ራስ ላይ የሚሰቀል ነገር ለባለሙያ ይሁን። ግን አንድ መደርደሪያ ወደቀ ተብሎ ኪሮሽና መርፌ ሁሉ ከሰው እጅ ይውጣ አይባልም።

አናጢው፦

እንዲወጣ አልጠየቅሁም። ለማንሳት ከብዶኝ ያቆየሁት ሌላ ጉዳይ አለኝ፤ አሁን ላንሳው።

ደንበኛ ዋጋ ስነግረው «ይህንንማ እኔም እሠራዋለሁ» ይለኛል። ይህን የሚለው ሊሠራው አስቦ አይደለም፣ ዋጋ ሊያወርድብኝ ነው። ሸማኔውን ሽሮ ሜዳ ላይ፣ ጀበና የምትሸጠዋን ሴት ገበያ ላይ እንዲሁ ይላቸዋል። በአገራችን የእጅ ሙያተኛ ምን ሲባል እንደኖረ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ቡዳ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ስድቡ ቀነሰ እንጂ ሥራችንን ማቃለሉ አልቀረም። «ማንም በቀላሉ በቤቱ ይሠራዋል» የሚለው አነጋገር ለእኔ የዚያ ንቀት ቅጥያ ነው። ቤቱን በእጅ ሥራ ማስዋብ የሚፈልግ ሰው መሶቡን ከሰፊዋ፣ ጋቢውን ከሸማኔው፣ በርጩማውን ከጠራቢው ይግዛ። ያኔ ቤቱም ያምራል፣ የሌላው ቤትም ጭስ ይወጣዋል።

መምህርቷ፦

ይህን ስላነሳህልኝ ደስ ብሎኛል፤ ያስተማርኩበት ዘመን ሁሉ ሲያስጨንቀኝ የኖረ ጉዳይ ነው። ግን ልጄ፣ ንቀቱ የመጣው በገዛ እጁ ሠርቶ ከማያውቅ ሰው ነው። የሚያቃልልህ ሰው መጋዝ ይዞ ሁለት ቅዳሜ ደክሞ የመጣው አይደለም፤ እሱማ ዋጋህን ሰምቶ ይከፍልሃል። የሚያቃልልህ አንድ ጣውላ ሳይነካ ያደገው ነው።

መሶብን ውሰድ። አክርማና ስንደዶ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ግማሹ ቀለም ይነከራል፤ ከዚያ በወስፌ እየተወጋ ዙር በዙር ይሰፋል። እኔ የመጀመሪያዋን ሌማት ስሰፋ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጣቴ ቆስሎ፣ ዙሩ ተጣሞብኝ፣ እናቴ ሦስት ጊዜ አስፈትታኛለች። ከዚያ ወዲህ መሶብ ስገዛ አንድ ቀን እንኳ ተከራክሬ አላውቅም፤ እያንዳንዱ ዙር ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ጣቴ ያውቀዋላ። ሐረር ሄደህ «ጌይ ጋር» የሚባለው የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት ውስጥ ገብተህ ከሆነ ግድግዳው ሙሉ ስፌት ተሰቅሎበት አይተሃል። እነዚያን ስፌቶች የሰፉት የቤቱ ሴቶች፣ እናትና ልጅ፣ አማትና ምራት ናቸው። የሐረር ስፌት ዛሬ ለገበያ ቀርቦ ዋጋ የሚያወጣው በየቤቱ ሲሰፋ ስለኖረ ነው። ሙያ ከቤት ነው የሚወጣው።

በረባሶንም አስብ። ካረጀ ጎማ ጫማ ማውጣት የድሃ ብልሃት ነበር። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር የተነሳው ሶልሬብልስ የተባለ ኩባንያ ያንኑ የጎማ ሶል ይዞ ጫማ ወደ ውጭ አገር ሲልክ አይተናል። ሐሳቡ ከድሃው እግር ነው የተነሳው።

የባልትናና የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ በነበረበት ዘመን ወንድ ተማሪዎቼ ቁልፍ ይተክሉ፣ እጅጌ ይሰፉ ነበር። ልብስ ሰፊን «ይሄ ደግሞ ሥራ ነው?» የሚል ልጅ ከእነሱ መካከል አልሰማሁም።

አናጢው፦

ስለ ሌማቷ ያሉት ገብቶኛል። ሦስት ጊዜ ያስፈታች እናት ለእርስዎ የሙያ መምህር ነበረች። የዛሬው ልጅ ግን አክርማ የት ይለቅማል? አስፈትታ የምታሰፋው እናትስ ከሥራ የምትገባው ስንት ሰዓት ነው? በእጁ ያለው ስልኩ ነው። ስልኩ የሚያሳየው ደግሞ የሙጫ ሽጉጥ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ የሚያብረቀርቅ ዶቃና የወርቅ ቀለም ነው። ይህ ሁሉ ከውጭ የሚገባ ነው፣ በገንዘብ የሚገዛ ነው። ጣሳ ላይ ተለጥፎ በበጋው ሙቀት ይላቀቃል፣ ክረምት ሲመጣ ቆሻሻ መጣያ ላይ ነው። የእርስዎ ሌማት ብትጣል አፈር ትሆናለች። ያ አበባ ምን ይሆናል? እኔ ለልጄ ልደት የገዛነውን እንዲህ ያለ ነገር ስጥል አዝኛለሁ። በዚያ ገንዘብ አንድ እውነተኛ የስንደዶ ሰፌድ እገዛ ነበር።

መምህርቷ፦

በዚህስ አብሬህ አዝናለሁ። ለሙጫና ለዶቃ ብሎ ሱቅ የሄደ ሰው የሠራው የእጅ ሥራ አይደለም፣ ገዝቶ የገጣጠመው ነው። የእኔ ደንብ አንድ ናት፤ ከቤቴ ሊወጣ ከነበረው ካልሆነ አልነካውም። ቁራሌው በር ላይ ሲጣራ ከመስጠቴ በፊት ጣሳውን፣ ጠርሙሱን፣ ያረጀውን ሹራብ አንድ ጊዜ አየዋለሁ። ሹራብ ተተርትሮ ለትራስ ልብስ የሚበቃ ክር ይወጣዋል። የኒዶ ጣሳ ጠርዙ በመዶሻ ተድጦ ስለቱ ከሞተ በኋላ ጨርቅ ለብሶ የማንኪያ መቆሚያ ይሆናል። የማይሆነኝን ቁራሌው ይወስደዋል። ምናለሽ ተራ ደርሶ በሌላ ሰው መዶሻ ድስት ወይም ምድጃ ሆኖ ይመለሳል። እዚያ ያሉት አንጥረኞች ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ገብተው አልተማሩም፤ ከሰው እጅ እያዩ፣ ቆርቆሮ እያበላሹ ነው የለመዱት።

አንተስ የመጀመሪያ ሥራህ ምን ነበር?

አናጢው፦

የዶሮ ቤት። የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ከአባቴ አጥር በተረፈ ጣውላ። በሩ አልዘጋ ብሎ ሁለት ዶሮ ሸለምጥማጥ በላብን። አባቴ አልገረፈኝም፤ ሰፈራችን ካለ አናጢ ዘንድ ወስዶ ማጠፊያ እንዴት እንደሚመታ አሳየኝ። እዚያው ቀረሁ።

አሁንም ግን ከሐሳቤ አልተነሳሁም፤ አባቴም ቢሆን የወሰደኝ ባለሙያ ዘንድ ነው። ሰው የሚቀመጥበት፣ የሚተኛበት፣ በራሱ ላይ የሚሰቀል ሁሉ በባለሙያ ይሠራ። ለባለሙያውም የሚገባው ይከፈል።

መምህርቷ፦

በሰቀላው ተስማምተናል፤ በመቀመጫው ግን አልስማማም። ቡና የማፈላበት ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው፤ ያወጣው አባቴ ነው። አናጢ አልነበረም፣ አራሽ ነበር። ሦስት እግር በመሆኑ ወለሉ ቢጎረብጥም አይንገዳገድም። መቀመጫው ላይ የመጥረቢያው ምልክት እስካሁን ይታያል። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩልህ እሱ ላይ ተቀምጬ ነው።