መቁረጫ ነጥብ በሌለበት አገር፦ ልጆቻችንና ስመ ጥሮቹ ኮሌጆች

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያለን ወላጆች መስከረም በጠባ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይይዘናል። «ልጄ ጂፒኤዋ (የትምህርት ቤት አማካይ ውጤቷ) 4.0 ነው፤ በኮሌጅ መግቢያ ፈተናው በኤስኤቲ 1500 አምጥታለች። ሃርቫርድ ትገባለች ወይ?» ከቅዳሴ በኋላ ይጠየቃል። ለቅሶ ቤት ይጠየቃል። ልጅ ኮሌጅ ያስገባ ሰው ከተገኘማ ጨዋታው ሁሉ እሱ ይሆናል። ልጆቹም በየስልካቸው ውጤታቸውን ያስገቡና «ዕድልህ ይህን ያህል በመቶ ነው» ከሚል ድረ ገጽ ጋር ያመሻሉ።

ጥያቄው ከልጅ ፍቅር የመጣ ነው። ግን ማንም ሊመልሰው አይችልም። እኔን የሚያሳስበኝ፣ በዚህ ጥያቄ ስንጨነቅ መልስ ያላቸው ሌሎች ጥያቄዎች ሳይነሱ ቀነ ገደቡ ማለፉ ነው። ስንት ያስከፍለናል? ልጃችን ስለራሱ ምን ጻፈ? ዝርዝሩ ውስጥ በደስታ የሚማርበትና እኛም የምንችለው ትምህርት ቤት አለ ወይ?

ጥያቄው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ያደግንበት ሥርዓት መቁረጫ ነጥብ ነበረው። ማትሪክ ተፈተንን፣ ውጤት መጣ፣ ነጥቡ ተነገረ። ከዚያ በላይ ያመጣ ገባ፤ በታች የሆነ ቀረ። ጨካኝ ነበር፤ ግን ግልጽ ነበር። አገር ቤት ዛሬም መርሁ ያው ነው። የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ያ ቁጥር አገሩን ሁሉ አስደንግጧል።

አሁን የሃርቫርድን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2024 የጸደይ ወራት ውጤት ከተነገራቸው ከ54 ሺህ በላይ አመልካቾች የተቀበለው 3.6 በመቶ ያህሉን ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ይቀራረባሉ፤ ትርጉማቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። በአገራችን ፈተና አንድ ልጅ ግማሹን ካመጣ የጎረቤቱ ልጅ ውጤት አይጎዳውም። ሁሉም ቢያመጡ ሁሉም ያልፋሉ። ሃርቫርድ ግን ወንበሩ የተቆጠረ ነው፤ በዓመት 1,650 ገደማ አዲስ ተማሪ ያስገባል። አሜሪካ ውስጥ ከ20 ሺህ በላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉ። ከየትምህርት ቤቱ አንደኛ የወጣው ልጅ ብቻ ቢያመለክት እንኳ አብዛኛው ይቀራል። 4.0 ያመጣችው ልጃችን የቀረችው ስላነሰች አይደለም ማለት ነው። እንደሷ ያሉት ከወንበሩ በብዙ እጥፍ ስለበለጡ ነው።

ውጤት ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ኤምአይቲ በ2022፣ ዳርትማውዝ፣ ዬል፣ ብራውንና ሃርቫርድ ደግሞ በ2024 የፈተና ውጤት ዳግም እንደሚጠይቁ አስታውቀዋል። ያለ ጥሩ ውጤት ከነዚህ ቤቶች ደጃፍ መድረስ ይከብዳል። ከደጃፉ በኋላ ግን ሚዛኑ ሌላ ነው። ኮሌጁ ዋናተኛ ይፈልጋል፤ ቫዮሊን የሚጫወት ይፈልጋል፤ ከሩቅ ገጠር የመጣ ይፈልጋል። ቤተሰቡ እዚያው የተማረ ልጅ ቅድሚያ የሚያገኝባቸውም አሉ። በ2023 የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ራጅ ቼቲ፣ ዴቪድ ዴሚንግና ጆን ፍሪድማን ያወጡት ጥናት አሥራ ሁለቱን በጣም ስመ ጥር የግል ኮሌጆች ተመልክቶ ነበር። ተመሳሳይ የፈተና ውጤት ካላቸው ልጆች መካከል ከአገሩ 1 በመቶ ሀብታም ቤተሰብ የመጡት ከመካከለኛው መደብ ልጆች ከሁለት እጥፍ በላይ እነዚህ ኮሌጆች የመማር ዕድል እንዳላቸው አሳይቷል። ይህ እኔን ያናድደኛል፤ ሊያናድደንም ይገባል። ሜሪላንድ በ2024 ለቀድሞ ተማሪ ልጅ ቅድሚያ መስጠትን ለመንግሥትም ለግል ኮሌጆችም በሕግ ከልክላለች። ቨርጂኒያም በዚያው ዓመት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ አስቀርታለች። እኛ የምንመርጥባቸው ክልሎች ናቸውና የዚህ ጉዳይ ተመልካች ብቻ መሆን የለብንም።

ዲቪ የሞላ ሰው ዘንድሮ ይደርሰኛል ብሎ ሥራውን አይለቅም፤ ቤቱንም አይሸጥም። ይሞላል፣ ኑሮውን ይቀጥላል። ልጆቻችንም ለእነዚህ ኮሌጆች እንዲሁ ያመልክቱ እላለሁ። ያመልክቱ፤ ግን ክብራቸውን ከመልሱ ጋር አንሰርላቸው።

ወደ ልጁ የራሱ ታሪክ ልምጣ። እዚህ ላይ ብዙ እናጠፋለን።

ብዙ ኮሌጆች የሚቀበሉት ኮመን አፕ የተባለው ማመልከቻ አሥር የተሳትፎ መስመሮች አሉት። ልጆቻችን ክለብ፣ እግር ኳስና የበጎ ፈቃድ ሥራ ይጽፉና ሦስት አራቱን ባዶ ይተዋሉ። እናትየው ነርሲንግ ሆም ማታ ትሠራለች። አባትየው ኡበር ይነዳል። ታናናሾቹን ከትምህርት ቤት የምታመጣው፣ ራት የምታበላው፣ የቤት ሥራ የምታሳየው ልጅቷ ነች። አያቷን ሐኪም ቤት ወስዳ የምታስተረጉመው፣ ከኢንሹራንስ ጋር በስልክ የምትከራከረው እሷ ነች። ቅዳሜ ቅዳሜ ዘመዷ ግሮሰሪ ገንዘብ ትቀበላለች። «ይሄን ለምን አልጻፍሽም?» ስትሏት «እሱማ የቤት ሥራ ነው» ትላለች። ማመልከቻው ግን የቤተሰብ ኃላፊነት የሚል የራሱ ምድብ አለው። የደመወዝ ሥራም እንዲሁ። በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በዓመት ስንት ሳምንት ብሎ ይጠይቃል። ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ማስተማር፣ በመስጊድ ታናናሾችን ቁርዓን ማስቀራት፣ ለማኅበረሰቡ ቅጽ መሙላት ሁሉም እዚያ ቦታ አለው።

አንዳንዴ የሚያስቀሩት ወላጆች ናቸው። «ድሃ መሆናችንን ለምን ትናገራለህ?» ይባላል። ገመናን መሸፈን ያደግንበት ነው፤ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ማመልከቻውን የሚያነብ ሰው የልጁን ቤት አያውቅም። ያላነበበውን ሊመዝን አይችልም። በሳምንት 20 ሰዓት ቤት የሚያግዝ ልጅ ለምን የሮቦቲክስ ክለብ እንዳልገባ የሚነግረው ሌላ ሰው የለም። የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ ካውንስለሩም፣ ላይነግር ይችላል። የሙያ ማኅበራቸው ለአንድ ካውንስለር 250 ተማሪ ይበቃል ይላል፤ የአገሩ አማካይ ግን ከዚያ በጣም ይበልጣል። ልጁን በስም የሚያውቀው ካውንስለር ማግኘት ራሱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ገና 11ኛ ክፍል እያለ ልጁ ሄዶ ይተዋወቀው፤ እኛም የቤታችንን ሁኔታ በአንድ ገጽ ጽፈን እንስጠው። እንግሊዝኛችን ቢሰባበር ችግር የለም።

ድርሰቱም እንዲሁ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2023 ዘርን ከመመዘኛነት አስቀርቷል። ተማሪው ማንነቱ ሕይወቱን እንዴት እንደነካው በራሱ ቃል ቢጽፍ ግን ፍርዱ አይከለክልም። ይህ ማለት ልጁ ያላየውን ጦርነትና ረሃብ ይጻፍ ማለት አይደለም። አገር ቤትን በክረምት ጉብኝት ብቻ የሚያውቅ ልጅ መከራ እንዲተርክ መገፋፋት ልጁንም አገሩንም ማዋረድ ነው። 650 ቃል አለው። የኖረውን ይጻፍ።

ስለ ገንዘብ ደግሞ በግልጽ እንነጋገር፤ ብዙ ቤት የሚጎዳው እዚህ ነው። የብዙ ስመ ጥር የግል ኮሌጆች ዋጋ በዓመት 90 ሺህ ዶላር አካባቢ ደርሷል። ይህን ያየ ወላጅ ሁለት ነገር ያደርጋል። ወይ «አንችልም» ብሎ ልጁ እንዳያመልክት ይከለክላል፤ ወይ «ይግባ ብቻ፣ እንደምንም ይሆናል» ይላል። ሁለቱም ያስጎዳሉ። ሃርቫርድ ከ2025 መኸር ጀምሮ ዓመታዊ ገቢው 100 ሺህ ዶላርና ከዚያ በታች ለሆነና የተለመደ የሀብት መጠን ላለው ቤተሰብ ምግብና መኝታውን ጨምሮ ነፃ አድርጓል። እስከ 200 ሺህ ላለው ደግሞ የትምህርት ክፍያውን። ፕሪንስተንና ኤምአይቲም ተመሳሳይ አሠራር አላቸው። ለብዙ ሠራተኛ ቤተሰብ እነዚህ ኮሌጆች ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያነሰ ሊያስከፍሉ ይችላሉ። ግን ስማቸው ትንሽ ዝቅ የሚል፣ ዋጋቸው እኩል የሆነ፣ እርዳታቸው የሚያንስ ብዙ ኮሌጆች አሉ። የቤተሰብ ዕዳ ተራራ የሚሆነው እዚያ ነው።

ለዚህ መፍትሔው በእጃችን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የፌደራል የተማሪ እርዳታ የሚቀበል እያንዳንዱ ኮሌጅ ቤተሰቡ በትክክል የሚከፍለውን የሚገምት ማስያ በድረ ገጹ እንዲያስቀምጥ ሕግ ያስገድደዋል። የታክስ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ከልጃችሁ ጋር አንድ ምሽት ተቀመጡ። ቤት ያላችሁ ተጠንቀቁ። የፌደራሉ የእርዳታ ማመልከቻ ፋፍሳ የምትኖሩበትን ቤት አይቆጥርም፤ ብዙ የግል ኮሌጆች የሚጠይቁት ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የተባለው ቅጽ ግን ስለ ቤቱም ስለ ንግዱም ይጠይቃል። አገር ቤት ለእናት ለወንድም የምንልከውን ገንዘብ የትኛውም ስሌት በራሱ አያውቀውም። ጻፉላቸው፤ ደረሰኝም አያይዙ። ላይቀበሉት ይችላሉ፤ ግን ካልነገርናቸው እንደሌለ ነው።

ኧርሊ ዲሲዥን የሚባለው፣ ለአንድ ኮሌጅ ቀድሞ ማመልከትም፣ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማመልከቻው ብዙ ጊዜ እስከ ኅዳር 1 (ኖቬምበር 1) ይገባል፤ እዚያ የሚያመለክቱ ልጆች የመግባት መጠን ከመደበኛው ከፍ ይላል። ግን ውል ነው። ልጁ፣ ወላጁና ካውንስለሩ ይፈርሙበታል፤ ከተቀበሉት ይሄዳል። ከሌላ ኮሌጅ የመጣ የእርዳታ ደብዳቤ ይዞ ማወዳደር አይቻልም። እርዳታው ካልበቃ መውጣት ይፈቀዳል፤ ቢሆንም ማስያውን ሳያዩ መፈረም አይገባም። ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦች ኩዌስትብሪጅ የሚባል መንገድ አለ፤ ተማሪው ኮሌጆችን በቅደም ተከተል ይመርጣል፣ ከተመረጠ አራቱን ዓመት ሙሉ ስኮላርሺፕ ያገኛል። ቀነ ገደቡ በመስከረም (ሴፕቴምበር) መጨረሻ አካባቢ ነው። እኛ ገና ስለ ኤስኤቲ ስንጠያየቅ ያልፋል።

የጥገኝነት ጉዳያቸው ገና ያልተወሰነ ቤተሰቦች ደግሞ ሌላ ሸክም አለባቸው። የፌደራል እርዳታ አያገኙም፤ ብዙ ኮሌጆችም ልጁን እንደ ውጭ አገር ተማሪ ያዩታል። ለውጭ አገር ተማሪ የገንዘብ አቅምን ሳያዩ ተቀብለው የሚጎድለውን ሁሉ የሚሞሉት ጥቂት ናቸው፤ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ከነሱ መካከል ናቸው። አዲስ አበባ ላለ የእህታችሁ ልጅም ይኸው ይሠራል። ከማመልከት በፊት ኮሌጁን በጽሑፍ መጠየቅ ይሻላል።

ስሙ የማይጠራ ትምህርት ቤት የገባ ልጅስ? የሁለት ዓመቱ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ የገባ ልጅ ስም ሲነሳ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ወላጆች አሉ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ከዚያ ተነስቶ ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሚያሻግር የተዘጋጀ መስመር አለ። የኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅም መስፈርቱን ላሟላ ተማሪ ከቨርጂኒያ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የመግቢያ ዋስትና ስምምነት አለው። በ2002 የወጣው የስቴሲ ዴልና የአላን ክሩገር ጥናት፣ እኩል ችሎታ ኖሯቸው ለስመ ጥር ኮሌጅ ያመለከቱ ልጆች የትም ቢማሩ በኋላ ገቢያቸው ብዙ እንደማይለያይ አግኝቷል። ቆየት ብለው ያወጡት ሥራ ግን አንድ ልዩነት አሳይቷል። ለጥቁር ተማሪዎችና ወላጆቻቸው ብዙ ላልተማሩ ልጆች ስመ ጥሩ ኮሌጅ ጥቅም አለው። ይህ ብዙዎቻችንን ይመለከታል። ስለዚህ «ተዉት፣ ለኛ አይደለም» የሚለውን ምክር አልቀበልም። ልጆቻችን ማመልከት አለባቸው፤ አብሮም ያለ ሃፍረት የሚሄዱበት ሌላ በር ሊኖር ይገባል።

«አስገባላችኋለሁ» ብሎ ሺዎች ዶላር የሚጠይቅ አማካሪ ከመጣ አትክፈሉ። የሚያስገባ አማካሪ የለም። ድርሰት አንብቦ የሚያርም ጎበዝ መምህር ካገኛችሁ ይበቃል፤ ማኅበረሰባችን ውስጥ በነፃ የሚያደርጉት ወጣቶች ሞልተዋል።

መልሱ የሚመጣው በመጋቢት (ማርች) መጨረሻ ነው። ደብዳቤው ሲከፈት የእገሌን ልጅ ስም አታንሱ። ከዚያ ቀጥሎ ሥራ አለ። በየደብዳቤው ላይ ግራንት የሚለውንና ሎን የሚለውን ለዩ፤ ግራንት የማይመለስ እርዳታ ነው፤ ሎን እርዳታ አይደለም፣ ዕዳ ነው። ግራንቱን ብቻ ከጠቅላላው ወጪ ቀንሱና የቀረውን በአራት አባዙ። የወደዳችሁት ኮሌጅ ከሌላው ያነሰ ከሰጠ፣ ወይም ታክስ ከሞላችሁ ወዲህ ሥራ ከቀነሰባችሁ፣ ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው ማስረጃ አያይዛችሁ ጻፉ። ይህ ልመና አይደለም፤ በየዓመቱ ሌሎች ቤተሰቦች የሚያደርጉት ነው። ብዙዎቹ ኮሌጆች ምርጫችሁን እንድታሳውቁ የሚሰጡት ቀን ግንቦት 1 (ሜይ 1) ነው፤ ደብዳቤያችሁ በሚያዝያ (ኤፕሪል) መጀመሪያ እጃቸው ይግባ።