እርማት፦ ኮድ ጸሐፊም ሠራተኛ ነው

«የሠራተኛ ማኅበር የጨርቃጨርቅ ሠራተኛ ነገር ነው፣ የአይቲ ሰው ሕጉ አያቅፈውም» ላልከው ወንድሜ፣ ተሳስተሃል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ፣ አዋጅ 1156/2011፣ የአይቲ ሰው ነህ ብሎ አያስቀርህም። 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ውስጥ ማኅበር ይቋቋማል፤ ከ10 ካነሳችሁም ከሌሎች ድርጅቶች ሠራተኞች ጋር ሆናችሁ አጠቃላይ ማኅበር መመሥረት ትችላላችሁ። የሥራ መሪውን ግን አያካትትም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ነው። ባሕር ዳር የግል ድርጅት ተቀጥረህ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሰርቨር ወደቀ ተብሎ ስልክህ የሚጮኸው አንተ ግን ላፕቶፕ ስለያዝክ አለቃ አትሆንም። (ወንፈል ሲያጭድ ያደገ ጎጃሜ መደራጀት ብርቅ ሲሆንበት ደሞ ይገርመኛል!) «ያባርሩኛል» የሚለው ፍርሃት ይገባኛል፣ ግን የማኅበር አባልነት ለስንብት በቂ ምክንያት እንደማይሆን አንቀጽ 26 በግልጽ አስቀምጦታል፣ ገብተህ አንብበው።