ድንጋዩን ማን አመጣው?

የይፋት ሰዎች፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሸዋ ሮቢት ወንዝ ዳር ባለው ሰፈራችን፣ በየግቢያችን ያለውን ክብ ክብ ጥቁር ድንጋይ ማን አመጣው? አጥር አጥረንበታል፣ ቤት መሥርተንበታል፣ ልብስ እናጥብበታለን። አባቶቻችን በአህያ ጭነው አላወረዱትም። አንዳንዱን አሥር ሰው አይነቀንቀውም።

እኔ ራሴ ከማንም አልሻልም። ባለፈው ዓመት የሽንት ቤት ጉድጓድ ሳስቆፍር፣ ሁለት ሜትር ሳይወርድ ቋጥኝ ወጣ። ከቋጥኙ ሥር ጭቃ፣ ከጭቃው ሥር ሌላ ቋጥኝ። ቆፋሪው ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ወንዝ ነበር» አለኝ። ሳቅኩ። ዲጂኖ ተዋስኩለትና ቀጠለ።

ልጁ ግን ልክ ነበር። ተራ ጎርፍ ያመጣውን ደርድሮ ነው የሚያስቀምጠው፤ ጠጠሩን ለብቻ፣ አሸዋውን ለብቻ። ትልቁና ትንሹ ድንጋይ ያለ ሥርዓት ጭቃ ውስጥ ተነክሮ ካገኛችሁት ግን ያ ሌላ ነገር ነው። ከገደል የተናደ አፈር ከውሃ ጋር ተቦክቶ እንደ ኮንክሪት ሲወርድ የተወው ነው። እንዲህ ያለው ጎርፍ ከውሃ እጥፍ ያህል ይከብዳል። ትልልቁን ቋጥኝ ከፊት እየገፋ ነው የሚመጣው። ግንብ አይመክተውም።

አገራችንን ደግሞ ታውቋታላችሁ። ደጋው ጣርማበር ላይ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ጋቢውን በክንዱ ይዞ ነው። ሰው በመኪና የሚወርደውን ቁልቁለት ውሃው ያለ ፍሬን ይወርደዋል። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ደብረ ሲና አካባቢ፣ ይዛባ ላይ ተራራው ተንሸራትቶ ከአንድ ሺህ በላይ ቤት አፍርሷል። የተፈናቀለው ሰው ጎረቤታችን ነበር። ስንቶቻችን እናስታውሰዋለን? በዚያው ዓመት ክረምት ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ደቻቱ በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው። የኛም ወንዞች በበጋ እንደዚያው አይደሉ?

ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ። ቬንዙዌላ ውስጥ ቫርጋስ የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ፤ ከኋላው ተራራ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዲሴምበር ላይ በሦስት ቀን ከ900 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ጣለበት። ደብረ ብርሃን ዓመቱን ሙሉ የምታገኘው ይኼን ያህል ነው። ቋጥኝና ጭቃ ወርዶ ከተሞቹን ጠራረጋቸው። የሟቹ ቁጥር እስከ ዛሬ በውል አልታወቀም፤ በአሥር ሺዎች የገመቱ አሉ። ባለሙያዎች በኋላ መሬቱን ሲያዩ፣ ከተሞቹ የቆሙት ጥንት በወረደ ተመሳሳይ ናዳ ላይ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1951ም ወንዞቹ ሞልተው ነበር። ያኔ የሰፈረው ሰው ጥቂት ስለነበር ጉዳቱ አነሰ። አርባ ስምንት ዓመት ዝም ሲል ሰዉ ረሳውና ሠራበት።

ልብ በሉ፣ ያ ተራራ ደን የለበሰ የተጠበቀ ፓርክ ነው። ስለዚህ በየስብሰባው «ችግኝ እንትከል» ብሎ ወደ ቤቱ የሚሄደው ሰው አያጽናናኝም። ትከሉ፣ እርከኑንም እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ ጠግኑ። ዝናቡ ከልክ ሲያልፍ ግን ዛፉም አብሮ ይወርዳል።

እኛ ደግሞ ምን እናደርጋለን? ወንዙ አምስት ክረምት ዝም ካለ ዳርቻውን እንሸነሽናለን። ካርታ ካወጣን ውሃውም ካርታውን የሚያነብ ይመስለናል። ሲሞላ ድልድይ ላይ ቆመን በስልክ እንቀርጻለን። ለቲክቶክ! ተው።

ቤት ልትሠራ ካሰብህ ከመሠረቱ በፊት ጉድጓድ ቆፍረህ እይ። ውስጡ ጭቃና ቋጥኝ ከሆነ አትሥራ፤ ደላላው ምንም ይበልህ። ዝናብ እየጣለ ወንዙ ድንገት ከጎደለ ደስ አይበላችሁ፤ ላይ ናዳ ዘግቶት ሊሆን ይችላል። መሬቱ ከተንቀጠቀጠ፣ ድንጋይ ሲፋጭ ከሰማችሁ፣ ወደ ታች አትሩጡ። ወደ ጎን፣ ወደ ጉብታው። ከብቱን ተዉት። አንድ ናዳ ከወረደ በኋላም ቶሎ አትጠጉ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ጎፋ ዞን ጎረቤቶቻቸውን ሊያወጡ የሮጡት በሁለተኛው ናዳ ተቀብረዋል። ይኼን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። እኔም ብሆን የምሮጥ ይመስለኛልና።

እኛ ጋ ፀሐይ እየወጣ ደጋው ላይ ሊዘንብ ይችላል። ደብረ ሲና ዘመድ የሌለው ሰው ከመሐላችን ጥቂት ነው። በበዓል ብቻ ነው የምንደዋወለው። በዚህ ክረምት ማታ ማታ ደውሉና «እናንተ ጋ እንዴት ነው?» በሉ። ደጋ ያላችሁም ሲጠና እናንተው ደውሉ። ሌሊት ቢሆንም፣ ሰው ብትቀሰቅሱም።